ፊቷን ሲያነጡ ዶሮዋ ደከመች፦ የነጭ ፊቷ ጥቁር ስፔኒሽ የጉዳይ ጥናት

ከሩቅ ስታዩዋት ጥቁር ዶሮ ናት፣ ያው የበዓል ገበያ ላይ ሰው "ይቺስ ለሌላ ጉዳይ ነው የምትፈለገው" ብሎ የሚያልፋት ዓይነት። ጠጋ ስትሉ ግን ፊቷ ላይ ሊጥ የለጠፉባት ነው የምትመስለው። ከዓይኗ በላይ ጀምሮ ጉንጯን ሙሉ አልብሶ ከጆሮዋ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ አንገቷ የሚወርድ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ላባ ያልበቀለበት ቆዳ። አናቷ ላይ ደግሞ ትልቅ ደማቅ ቀይ ሥጋ፣ የኛ ሰው ነጠላ የሚለው ዓይነት፣ አምስት ጥርስ ያለው እንደ መጋዝ። ጥቁር ላባዋ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብለጨልጫል። እንግሊዞች ነጭ ፊት ጥቁር ስፔኒሽ ይሏታል፣ አሜሪካኖች ሲቀልዱባት የሰርከስ ክላውን ፊት ይሏታል፣ ድሮ ድሮ ደግሞ የሴቪያ ዶሮ የሚል ማዕረግ ነገር ነበራት። ለኔ ግን ሊጥ ነው የታየኝ፣ ምን ላድርግ።

ይቺ ዶሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እንግሊዝም አሜሪካም ስሟን የማያውቅ ዶሮ አርቢ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ከ1825 ገደማ እስከ 1895 ገደማ ከታወቁት ዝርያዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ ግን ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የሚባለው፣ ከ1977 ጀምሮ እየጠፉ ያሉ የቤት እንስሳት ዝርያዎችን የሚከታተለው የአሜሪካ ድርጅት፣ አደጋ ላይ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው ውስጥ ናት። እንግሊዝ ውስጥም የምትገኘው በብርቅዬ ዶሮዎች ማኅበር ጥላ ሥር ነው፣ ይሄ ማኅበር ማለት የራሳቸው ክበብ ማቋቋም የሚያስችል ሰው ያላገኙ ዝርያዎች የሚጠለሉበት ነው። ለዚህ ያበቋት ደግሞ የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ኬዙን ልጽፈው የፈለግኩትም ለዛ ነው፣ ምክንያቱም ዶሮ ለሚያረባ ማንኛውም ሰው፣ ሃያ ዶሮም ይኑረው ሃያ ሺህ፣ ውስጡ የራሱን ነገር ያይበታል።

በመጀመሪያ ምን ዓይነት ዶሮ ነበረች የሚለውን እንያዝ። የሜዲትራኒያን ዶሮዎች የሚባሉት የጋራ ጠባይ አላቸው፣ ሌግሆርን በሉት ሚኖርካ በሉት አንኮና በሉት አንዳሉዥያን በሉት የሲሲሊዋ ባለ ዘውዷ በተርካፕ በሉት፣ አብዛኞቹ ቀለል ያለ ሰውነት፣ ጆሯቸው ሥር ነጭ ሥጋ፣ ትልቅ የአናት ሥጋ፣ ነጭ እንቁላል፣ እና ዋናው ነገር ማቀፍ አይወዱም። የአናት ሥጋው ትልቅ መሆኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዶሮ ስለማያልበው ደሙ እዛ ሥጋ ውስጥ ሲዞር ሙቀት ያወጣል፣ ለስፔን በጋ ጥሩ ነገር ነው። ስፔኒሿ ከነዚህ ሁሉ በዕድሜ አንጋፋ ከሚባሉት ናት፣ ሰውነቷም ቀላል ከሚባሉት አልነበረም፣ የአሜሪካው ስታንዳርድ፣ ማለትም ዝርያው ምን መምሰል አለበት የሚለው የዳኞች መስፈርት፣ አውራውን 3.6 ኪሎ፣ ሴቷን 3 ኪሎ ገደማ ነው የሚላት።

አለማቀፏ ደግሞ ገንዘብ ነበር። የኛ አገር ዶሮ አሥር አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች፣ 21 ቀን ትቀመጣለች፣ ከዛ ጫጩት ይዛ ስትዞር ሳምንታት ያልፋሉ፣ ያ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም፣ በዓመት 40 እስከ 60 ብትጥል ነው። የማታቀፈዋ ይሄን እረፍት ስለማትወስድ ዝም ብላ ትጥላለች። ስፔኒሿ በዛ ላይ እንቁላሏ ትልቅ፣ ቅርፊቱ እንደ ኖራ ነጭ። በዛን ዘመን ፋብሪካ የሚባል የእንቁላል ድርጅት የለም፣ ዲቃላ ጣይ ዶሮ የለም፣ እንግሊዛዊው ገበሬ ለገበያ እንቁላል ከፈለገ ስፔኒሽ ነው የሚያስበው። (ጫጩት ሲፈልግ ግን ከጎረቤት አቃፊ ዶሮ ተውሶ ነው እንቁላሏን የሚያስታቅፈው። ራሷን መተካት የማትችል ዶሮ ናት፣ ይቺን ያዙልኝ በኋላ ትመጣለች።)

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ፊቷ ላይ ያለው ነጭ የእንጀራዋ ምክንያት አይደለም። ጆሯቸው ሥር ነጭ ሥጋ ያላቸው ብዙ ዶሮዎች አሉ፣ የሷ ወደ ጉንጭ ትንሽ ሰፋ ብሎ ነበር፣ በቃ። ሰው የሚይዛት ለእንቁላሏ ነው።

ከዛ ሾው መጣ።

እንግሊዝ ውስጥ አውራ ዶሮ ማዋጋት በ1835 በሕግ ተከለከለ፣ በ1849 ደግሞ ሕጉ ጠበቀ። ዶሮ የሚወድ፣ ፉክክር የለመደ ሕዝብ ሌላ መወዳደሪያ ሊፈልግ ግድ ነው። 1845 ለንደን የእንስሳት መጠበቂያው ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የዶሮ ኤግዚቢሽን ተደረገ፣ በ1849 ኅዳር ደግሞ ቦስተን ላይ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ጀመሩ። በዛው ዘመን ለንግሥት ቪክቶሪያ ከእስያ ግዙፍ ዶሮዎች መጡላትና አገሩ ሁሉ በዶሮ አበደ፣ ጥሩ ዶሮ የሚሸጥበት ዋጋ የጤነኛ ሰው ዋጋ አልነበረም። ባቡሩም ተዘርግቷል፣ ዶሮህን በቅርጫት አድርገህ በባቡር ትልካለህ፣ ዳኛ ያየዋል፣ ዋንጫና ሽልማት ይዞ ይመለሳል። ሽልማት ያገኘ አውራ ልጆቹ ይሸጣሉ። ገንዘቡ እዚህ ጋ ነው።

አሁን ዳኛውን አስቡት። ጠረጴዛ ላይ አምሳ ጎጆ ተደርድሮለታል፣ አንድ ቀን ነው ያለው፣ ምን ያያል? ዶሮዋ ባለፈው ዓመት ስንት እንቁላል ጣለች የሚለውን ማየት አይችልም። ከአሥራ ሁለት ጫጩቶቿ ስንቱ ተረፈ የሚለውን አይችልም። በጉንፋን ከርማ ነበር ወይ አይችልም። ፊቷን ግን ያያል። እና ስፔኒሽ ላይ ፊት እንደመታወቂያ ነው፣ ሌላ ማንም ዶሮ የሌለው ነገር፣ ስለዚህ ነጩ የበለጠ ሰፊ፣ የበለጠ ለስላሳ፣ ቀይ ነጥብ የሌለው፣ ወደ ታች የበለጠ የወረደ ሲሆን አሸናፊ ነው። አርቢው ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ያሸነፈውን አውራ ወስዶ ፊቷ ትልቅ ከሆነችው ሴት ጋር ያገናኛል፣ ከልጆቹም ትልቅ ፊት ያለውን ያስቀራል፣ ሌላው ድስት ይገባል። በየዓመቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ እዚህ ቀስ በቀስ ነጩ ጆሮ ፊት ሆነ።

ይሄ ዳኛ ስላዘዘ ዶሮ ይቀየራል የሚለው ነገር ተረት እንዳይመስላችሁ፣ የጻፈው ቻርለስ ዳርዊን ነው። በ1868 ስለ ቤት እንስሳትና ዕፀዋት መለዋወጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስፔኒሽን እንደ ምሳሌ ያነሳታል፣ የአውራው የአናት ሥጋ በፊት ወደ ጎን ይወድቅ ነበር፣ ዳኞች ቀጥ ብሎ ይቁም ብለው ወሰኑ፣ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥሩ የሚባሉት አውራዎች በሙሉ ሥጋቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። እስቲ አስቡት፣ ስብሰባ ላይ በቃል የተወሰነ ነገር በሥጋና ደም ወጣ። ዳርዊን የዶሮ መረጃውን ብዙውን የሚያገኘው ከወዳጁ ከቴጌትማየር ነበር፣ በዘመኑ የዶሮ ነገር አዋቂ የሚባል ሰው፣ ስለዚህ ወሬው ከውስጥ ነው።

ግን ለኛ ኬዝ የበለጠ የሚጠቅመው ዳርዊን እዛው መጽሐፍ ላይ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ሲገልጽ ስለ ስፔኒሽ የጻፈው ነው። አቋሟ የተከበረ ነው ይላል፣ እግሯ ረጅም፣ የአናት ሥጋዋ ግዙፍ፣ ጆሮዋና የፊቷ ጎን ነጭ፣ አታቅፍም፣ እንቁላሏ ነጭና ትልቅ። ከዛ መሀል ላይ ሰውነቷ ልፍስፍስ ነው፣ የአናት ሥጋዋን ብርድ ይጎዳዋል፣ ላባዋም ዘግይቶ ነው የሚወጣው ይላል። ይሄ 1868 ነው እንግዲህ፣ ገና ዝናዋ ሳይወርድ፣ ገና ሁሉም ሾው ላይ ሳለች። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ነበር፣ ማንም እንደ ማስጠንቀቂያ አላነበበውም እንጂ።

ልፍስፍስነቱ ከየት መጣ የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም አንድ መንስኤ ብቻ አይደለም፣ ተደራርቦ ነው።

አንደኛው ቆዳው ራሱ ነው። ላባ የሌለው፣ ሰፊ፣ ስስ ነጭ ቆዳ ማለት ለብርድም ለንፋስም ለፀሐይም የተጋለጠ ማለት ነው። እንግሊዝ ክረምት ሲመጣ ፊቷ ይሻክራል፣ ይቆስላል፣ ቅርፊት ያወጣል። የአናት ሥጋዋ ደግሞ ለስፔን ሙቀት የተሠራ ነው፣ ቦስተን ጥር ላይ ጫፉ በውርጭ ይሞታል። ስለዚህ ለሾው የሚያዘጋጃት ሰው ምን ያደርጋል፣ ከሜዳ ይከለክላታል። ቤት ውስጥ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጣታል፣ ፊቷ እንዳይቀላ እንዳይቆስል ብሎ። የድሮ አርቢዎች ሾው ሲደርስ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የማቆየት ልማድ ነበራቸው፣ ፊቷ እንዲነጣ። አስቡት እንግዲህ ዶሮ፣ መጫር ሥራዋ የሆነ ፍጥረት፣ ያውም ስፔኒሽ ቁጭ በይ ብትላት የማትቀመጥ ጯሂ ዶሮ፣ ያለ ፀሐይ ያለ ሣር። ጠንካራዋን ከደካማዋ የሚለየው ሜዳው ነበር፣ እሱ ቀረ። ደካማ ሆና ፊቷ ያማረ ዶሮ ሜዳ ብትወጣ ትሞት ነበር፣ ጓዳ ውስጥ ግን ትኖራለች፣ ትወልዳለች።

ሁለተኛው ጫጩቶቹ ናቸው። ላባ ቶሎ ያላበሰ ጫጩት የእንግሊዝ ሚያዝያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ዶሮ ያረባ ሰው ያውቀዋል፣ እናቱ ደግሞ አታቅፈውም፣ የጉዲፈቻ እናት ነው ያለችው። ጫጩቶቿ ለማሳደግ አስቸጋሪ ናቸው የሚለው ነው ስሟን መጀመሪያ ያጠፋው። እንቁላል ፈልጎ የገዛት ገበሬ ከሃያ ጫጩት ግማሹን ከቀበረ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዝርያ ነው የሚገዛው፣ ዋንጫ ለሱ ምኑ ነው። መልክ ታጥቦ አይጠጣም።

ሦስተኛውን ግን እኔ ዋናው ነው እላለሁ፣ ዝምድና። ሂሳቡ ቀላል ስለሆነ ልስራው። አንድ አርቢ አንድ ዋንጫ ያገኘ አውራና አሥር ሴት አለው እንበል። አሥራ አንድ ዶሮ ነው ያለው ይመስለዋል። በጄኔቲክስ ሂሳብ ግን የአውራውን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ታባዛለህ፣ በአራት ታባዛለህ፣ ለጠቅላላው ታካፍላለህ፦ 40 ለ11፣ 3.6 ይመጣል። ማለትም ያ መንጋ ዝምድና የሚያጠራቅመው አራት እንኳን ያልሞላ ዶሮ እንዳለው ነው፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ትውልድ በሙሉ ቢያንስ በአባት የሚገናኝ ወንድምና እህት ነው። በየትውልዱ ዝምድናው 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አምስት አውራ ከነዛው አሥር ሴት ጋር ቢይዝ ኖሮ ቁጥሩ ወደ 13 ከፍ ይል ነበር፣ ጭማሪውም 4 በመቶ አይሞላም። ግን ማን ነው አምስት አውራ የሚቀልብ? በተለይ አራቱ ፊታቸው ከአንደኛው ያነሰ ከሆነ። አሸናፊው አንድ ነው፣ ሁሉም የሱን ልጅ ነው የሚፈልገው፣ አገር ሙሉ ያለው ስፔኒሽ የጥቂት አውራዎች ልጅ ሆኖ ያርፈዋል። ዝምድና ሲጠራቀም መጀመሪያ የሚመታው ደግሞ የማይታየውን ነው፣ የሚፈለፈለውን እንቁላል፣ የጫጩቱን መትረፍ፣ በሽታ የመቋቋም አቅምን። ፊቱን አይነካውም። እንደውም ፊቱ እያማረ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የሚመረጠው እሱ ነው። ስለዚህ አርቢው በዓይኑ የሚያየው ዝርያው እየተሻሻለ እንደሆነ ነው፣ በየዓመቱ የተሻለ ፊት፣ በየዓመቱ የበለጠ ዋንጫ፣ የሞቱትን ጫጩቶች ደግሞ በብርዱ ያመካኛል። ሰዎቹ እንስሳ ጠሎች አልነበሩም፣ ዶሯቸውን ከልጅ በላይ ነበር የሚንከባከቧት። የሞተውን የሚጽፉበት ደብተር ግን አልነበራቸውም፣ የዋንጫው መደርደሪያ ነበራቸው።

በዚህ መሀል ዘመዶቿ መጡባት። ሌግሆርን፣ ስሟ የጣሊያን ወደብ ሊቮርኖን እንግሊዞች ከሚጠሩበት ነው፣ ቀይ ፊት፣ ቀላል ሰውነት፣ ትንሽ ትበላለች ብዙ ትጥላለች፣ ጫጩቷ ላባ ቶሎ ያወጣል። የአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር በ1873 ተቋቁሞ በ1874 የመጀመሪያውን ስታንዳርድ ሲያወጣ ሁለቱም ውስጡ አሉ፣ ስፔኒሿም ሌግሆርኗም፣ ጎን ለጎን። ከዛ አንዷ ወደ ላይ አንዷ ወደ ታች። ሚኖርካም ተከተለች፣ ጥቁር፣ ትልቅ ነጭ እንቁላል፣ በቃ ስፔኒሽ ማለት ናት ፊቷ ቀይ ሆኖ ጆሮዋ ብቻ ነጭ የሆነ። ገበሬው ስፔኒሽን የወደደበት ምክንያት በሙሉ ሚኖርካ ላይ አለ፣ የጠላበት የለም፣ ታዲያ ለምን ይቸገራል። (ሚኖርካም በኋላ ሾው ውስጥ ገብታ ጆሮዋንና የአናት ሥጋዋን ሲያስረዝሙላት ሰውነቷን ሲያተልቁላት እንቁላሏ ቀነሰ፣ እሷም ዛሬ በብዛት የጌጥ ዶሮ ናት። ከጎረቤት ቤት ቃጠሎ ማንም አልተማረም።) 1890ዎቹ ማለቂያ ላይ ስፔኒሽ ከእንቁላል ገበያው ወጣች፣ የቀራት ሾው ብቻ ነው፣ ሾው ላይ ብቻ የሚኖር ዶሮ ደግሞ የሚያረቡት ሰዎች ሲያረጁ አብሮ ያረጃል።

እዚህ ጋ የኛን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ያቺ ሌግሆርን ወደኛም መጥታለች፣ በ1950ዎቹ በዓለማያና በጅማ የእርሻ ኮሌጆች በኩል ከገቡት የውጭ ዶሮዎች አንዷ ነጭ ሌግሆርን ናት፣ "የፈረንጅ ዶሮ" የሚለው ስም ከዛን ዘመን ትውልድ ጋር ነው ቤት የለመደው። እና የኛ ገበያስ ምን ይመርጣል? ቀይ አውራ፣ ድርብ የአናት ሥጋ ያለው፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጥቁሩና ነጠላው ይወርዳል። ማንም አርሶ አደር ስታንዳርድ አላነበበም ግን ገበያው ዳኛ ነው፣ ቀዩ በጥሩ ዋጋ ስለሚሸጥ ሰው ቀዩን ያስታቅፋል። ልዩነቱ የኛ ዶሮ ሜዳ ላይ ናት፣ ጭልፊቱም ሸለምጥማጡም ፈንግሉም በየዓመቱ የራሱን ምርጫ ያደርጋል፣ ሰው መልክ ቢመርጥም ሜዳው የደከመውን ይጥለዋል። ስፔኒሽ ላይ ይሄ ሁለተኛው ዳኛ ነው የተባረረው። ደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከ2008 ጀምሮ በሆሮ (ከወለጋ በኩል የመጣ የአገራችን ዝርያ) ዶሮ ላይ የሠራው የማሻሻያ ሥራም እዚህ ጋ መጠቀስ አለበት፣ የእንቁላል ቁጥርና ክብደት ላይ ተመርጠው ሲራቡ ስንቱ ተረፈ የሚለውም ተመዝግቧል። ቀለም ላይ ቢመርጡ ኖሮ ቆንጆ ሆሮ እናገኝ ነበር ይሆናል።

ወደ ኬዛችን። አሁን ያሉት አርቢዎች ምን አማራጭ አላቸው የሚለው ነው ከባዱ ክፍል፣ ምክንያቱም ሁሉም መንገድ የሚያስከፍል ነገር አለው።

ማደባለቅ ይቻላል። ሚኖርካ አውራ አምጥተህ ብታስገባ በመጀመሪያው ትውልድ ጥንካሬው ይመለሳል፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ የተራራቁ ሲገናኙ ልጆቹ ይበረታሉ። ግን ፊቱ ቀይ ይገባበታል፣ ዥጉርጉር ይሆናል፣ ወደ ንጹሕ ነጭ ለመመለስ ትውልድ ተከትሎ መምረጥ ያስፈልጋል፣ ስትመርጥ ደግሞ ካልተጠነቀቅክ ያው የድሮው ወጥመድ ውስጥ ነህ። ዳርዊን በነገራችን ላይ ማደባለቅ ሌላ ምን እንደሚያመጣ አይቷል፣ ሁለት የማያቅፉ ዝርያዎችን ስታገናኝ አንዳንዴ የምታቅፍ ልጅ ትወጣለች፣ ጠፋ የተባለው የእናትነት ጠባይ ከሁለት እናት ያልሆኑ ዶሮዎች ተመልሶ ይመጣል። የስፔኒሽ ልጅ ጎጆዋ ላይ ፈሽ ብላ ስትቀመጥ በዓይነ ሕሊናዬ ሳያት ደስ ይለኛል፣ ንጹሕ ዝርያ ነው ያለኝ የሚለው አርቢ ግን አይደሰትም።

ሁለተኛው አማራጭ የተለያዩ አርቢዎች ጋ ያሉ የማይዛመዱ መንጋዎችን እያቀያየሩ ማገናኘት ነው። ለምሳሌ መንጋውን ሦስት አራት ቤተሰብ ትከፍላለህ፣ ሴቶቹ እናታቸው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራሉ፣ አውራዎቹን በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ታሻግራለህ፣ ዙር ነው፣ እንደ ዕቁብ። ዝምድናው አይቆምም ግን ይዘገያል። ችግሩ ስንት ማይል ርቀት ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች መተማመን አለባቸው፣ አንዱ ጥሩውን አውራ ደብቆ መካከለኛውን ከላከ ዙሩ ይበላሻል። የብርቅዬ ዝርያ ማኅበራት ትልቁ ሥራ ይሄ ይመስለኛል፣ ከዶሮው በላይ ሰውን ማገናኘት።

ሦስተኛው ስታንዳርዱን ማላላት ነው፣ ፊቱ ትንሽ ያነሰውን ዶሮ ዳኛው እንዳይጥለው። ይሄን አንዳንዱ እንደ ክህደት ነው የሚያየው። በርግጥ አሁን ያለው ስታንዳርድም ገደብ የለውም ማለት አይደለም፣ ነጩ ዓይኗን እንዳይጋርድ ይፈለጋል። ይሄ ገደብ የተቀመጠው በምክንያት ነው፣ ያረጀ ስፔኒሽ አውራ ፊቱ እያበጠ እያደገ ሄዶ በትክክል ማየት የሚቸገርበት ጊዜ አለ፣ ከጎኑ የመጣ ነገር ያስደነግጠዋል፣ ዝርያው ድንጉጥ ነው ከሚባልበት ምክንያት ግማሹ ይሄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሴቷም የአናት ሥጋዋ ወደ አንድ ጎን ስለሚወድቅ በዛ በኩል ዓይኗ ላይ ይጋረዳል። ዓይኗን በአናቷና በፊቷ ያጣች ዶሮ፣ ሁለቱም ዳኛ ያደነቃቸው ነገሮች ናቸው።

የኔን ካላችሁኝ፣ መፍትሔው ፊቱ ውስጥ ራሱ ያለ ይመስለኛል። እንዲህ ነው። የስፔኒሽ ነጭ ፊት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ጫጩት ሆና የለም፣ ቄብ ስትሆን ገና ጅማሬው ነው፣ ሙሉ መልኩን የሚይዘው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። አርቢዎቹ ግን አይጠብቁም ነበር፣ ቀለብ ያስወጣል፣ ገና በወራት ዕድሜ "ይቺ ፊቷ ያምራል" ብለው ገምተው መርጠው በዓመቷ ያራቧታል፣ በሁለት ዓመቷ ብትሞት ልጆቿ ቀርተዋል። እስቲ ገልብጡት። ማንም ዶሮ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለዘር አይያዝ ብትል፣ ሜዳ ላይ ለቀህ፣ ሦስት ክረምት ያለፈች፣ እየጣለች ያለች፣ ያኔ ፊቷን አይተህ ብትመርጥ፣ የምትመርጠው ፊት ቢሆንም እጅህ ውስጥ የሚገቡት የተረፉት ብቻ ናቸው። የሞቱት ለውድድሩ አይቀርቡም። ሜዳውን መልሰህ ዳኛ አደረግከው፣ ስታንዳርዱ ላይ አንድ ፊደል ሳትቀይር።

ዋጋው አለው፣ አልደብቅም። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ዶሮ ሦስት ዓመት መቀለብ ነው፣ ትውልዱ ይረዝማል፣ ሾው ላይ ደግሞ በወራት ዕድሜ የሚወዳደሩ ወጣት አውራዎችና ቄቦች የራሳቸው ምድብ ስላላቸው እዛ ምድብ ላይ ምንም አታሸንፍም። ፊቷም ሦስት ክረምት ውጪ ስለከረመች እንደ ጓዳ ዶሮ ለስላሳ አይሆንም፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ይኖረዋል። ዳኛው ነጥብ ይቀንስባታል። ጎጆዋ ውስጥ ግን እንቁላል አለ፣ ትልቅ፣ እንደ ኖራ ነጭ፣ ጎረቤት ያለችው ቡናማ አቃፊ ዶሮ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጎጆዋን እየዞረች ነው።